ሠረገላው የቆመበት ስፍራ

በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ ታሪኩ የተጻፈው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ እስከ ኢየሩሳሌም ድረስ እጅግ ሩቅ መንገድ ሄዶ ነበር። ነገር ግን ወንጌላዊው ሉቃስ ጃንደረባው በኢየሩሳሌም የትኛውን አደባባይ እንደ ጎበኘ፥ የትኛውም ሕንፃ እንዳስደነቀው አንዲት ቃል አልጻፈም። የጻፈው በመመለሻው መንገድ ላይ የሆነውን ነው። ይኸውም በሠረገላው ተቀምጦ ሲያነብ የሚያነበውን እንዳላስተዋለ ሳያፍር መናገሩን፥ ፊልጶስንም ወጥቶ ከጎኑ እንዲቀመጥ መለመኑን፥ ከውኃም በደረሱ ጊዜ ሠረገላው እንዲቆም ማዘዙን ነው። እንግዲህ ታሪኩ እስከ ዛሬ የሚነበበው በታላቂቱ ከተማ ስላየው ነገር አይደለም፤ በምድረ በዳ ስለ ጠየቀው ነገር ነው።

ይህ ታሪክ የጉዞ መጽሐፍ ለሚመረምር ሰው ጥሩ መለኪያ ይሆነዋል። በዚህ ዘመን ሞተር ብስክሌት በሚባለው ባለ ሁለት መንኮራኩር ሠረገላ ተቀምጠው አህጉርን የሚያቋርጡ ሰዎች በዝተዋል። አገራቸው ሲመለሱም መጽሐፍ ያሳትማሉ፥ ወይም ፊልም ያሳያሉ። ከእነዚህም ውስጥ ኢትዮጵያን ከመተማ እስከ ሞያሌ አቋርጠው ያለፉ አሉ። እነዚህን ሥራዎች በጅምላ ማመስገን ቀላል ነው፤ በጅምላ መንቀፍም እንዲሁ። መመዘን ግን ሚዛን ይጠይቃል።

ባለ ሞተር ብስክሌት በመንገድ ላይ የሚቆመው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ግድ ነው፤ ጎማው ሲተነፍስ፥ ሰንሰለቱ ሲላላ፥ ካንዴላው ሲጠቁር፥ ዘይቱ ሲጎድል ሳይወድ ይቆማል። ሁለተኛው ፈቃድ ነው፤ ያማረ ተራራ፥ የቆየ ቤተ ክርስቲያን፥ የሰፋ ሸለቆ ሲያይ ወድዶ ይቆማል። ላይ ላዩን ለሚያነብ ሰው ፊተኛው የጉዞው መሰናክል፥ ኋለኛው የጉዞው ፍሬ ይመስለዋል። መጻሕፍቱ ተረጋግተው ሲነበቡ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል። ለጉብኝት የቆመ ሰው ያያል፥ ይከፍላል፥ ይሄዳል፤ ከማንም ጋር ጉዳይ የለውም። ለጥገና የቆመ ሰው ግን ችግረኛ ነው፤ ችግረኛም የሰው ፊት ማየት፥ ስም መጠየቅ፥ ወንበር መለመን፥ እስኪመሽም መጠበቅ አለበት። ጥገናና ጥገኛ በሥርወ ቃል ዘመዳሞች አይደሉም፤ አንዱ ከጠገነ፥ ሁለተኛው ከተጠጋ ይወጣል። በባለ ቅኔ ጆሮ ግን ሁለቱ እጅግ የተቀራረቡ ናቸው፤ በመንገድም ላይ አይለያዩም። ጥገና የፈለገ መንገደኛ ለዚያች ሰዓት የአገሩ ሰው ጥገኛ ሆኗልና።

ስለ ጥገና ከተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው አሜሪካዊው ሮበርት ፒርሲግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ያሳተመው “ዜንና የሞተር ብስክሌት አጠባበቅ ጥበብ” ነው። ደራሲው 121 አሳታሚዎች ከመለሱት በኋላ መጽሐፉ ታትሞ በብዙ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ተራኪው ከትንሽ ልጁ ጋር ከሚኔሶታ ተነሥቶ እስከ ካሊፎርኒያ ይጓዛል። አብሯቸው የሚሄድ አንድ ወዳጅ ውድ የሆነ የጀርመን ሞተር ብስክሌት አለው፤ ውስጡን ማወቅ ግን አይፈልግም። የዚህ ሰው መሪ ሲላላበት ተራኪው ከቢራ ቆርቆሮ በተቆረጠች ስስ ቁራጭ ሊያጠብቅለት ያስባል። ባለ ሞተሩ ግን ክቡር ዕቃውን በቆርቆሮ ማስጠገን እንደ ውርደት ቆጥሮ እንቢ ይላል። ከዚህች ትንሽ ነገር ተነሥቶ ደራሲው ሰፊ ትምህርት ያወጣል። በዕቃ መገልገልና ዕቃን ማወቅ ሁለት ልዩ ልዩ ሕይወት እንደ ሆኑ፥ ጥንቃቄም የእጅ ብቻ ሳይሆን የልቡና ሥራ እንደ ሆነ ያሳያል።

ይህን ትምህርት የቅኔ ቤት ተማሪ ያለ አስተርጓሚ ያስተውለዋል። ደቀ መዝሙሩ ግሱን ከነእርባታው ሳይፈታ፥ አገባቡን ሳይለይ፥ የሌላውን ቅኔ ሳይነቅል የራሱን ቅኔ ሊዘርፍ አይችልም። ዜማው አምሮለት ምሥጢሩ የጎደለበት ቅኔ፥ ቀለሙ አብረቅርቆ ሞተሩ እንደማይነሣ ተሽከርካሪ ነው። ስለዚህ ከፒርሲግ መጽሐፍ የሚመሰገነው ክፍል ትዕግሥትን ከመፍቻና ከብሎን ማስተማሩ ነው። የሚነቀፈው ግን ይህ ነው፤ መጽሐፉ ሞተሩን ራሱ መጠገን የሚችል ሰው መጽሐፍ ስለ ሆነ ተራኪው ማንንም እምብዛም አይለምንም። ስለዚህም መንገዱ ከሚያገናኘው ሰው ይልቅ ከራሱ አሳብ ጋር ሲነጋገር ይውላል። ልጁ እንኳ ከኋላው ተቀምጦ ሳለ ብዙ ገጽ ሙሉ ይረሳዋል። ደራሲው ይህን ጉድለት በመጨረሻ ራሱ ስለሚገልጠው ግን ነቀፋው ግማሽ ይቀልለታል።

ሁለተኛው መጽሐፍ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ያሳተመው “የጁፒተር ጉዞዎች” ነው። ሳይመን በ1973 በጥቅምት ወር 500 ሲሲ በሆነ ትራያምፍ ሞተር ብስክሌት ከለንደን ተነሥቶ አራት ዓመት ያህል ዓለምን ዞረ። ከግብፅና ከሱዳን ቀጥሎ ኢትዮጵያ የገባው በ1966 ዓ.ም. ነበር። ይህም የየካቲት አብዮት የፈነዳበት፥ የወሎም ረኀብ ለዓለም የተገለጠበት ዓመት ነው። የሚከተለው መኪና አልነበረውም፤ ጓደኛም አልያዘም። ሞተሩ ሲደክም ራሱ ይፈታዋል፤ ካልቻለም ሰው ይለምናል። በብራዚል አገር በፎርታሌዛ ከተማ በፖሊስ ተይዞ በታሰረ ጊዜ ደግሞ ከግድ መቆም ሁሉ የከፋውን ቀመሰ። መጽሐፉም ከሁሉ ይልቅ የሚጠነክረው እንዲህ ባሉት ስፍራዎች ነው። ሲሮጥ የጻፈው ይረሳል፤ ተገድዶ ሲቆም የጻፈው አይረሳም።

ቢሆንም ነቀፋ አያመልጠውም። የመጽሐፉ ስም የተገኘው በህንድ አገር በሠርግ ቤት ያገኘው አንድ ዕጣ ተናጋሪ ጁፒተር ብሎ ስለ ሰየመው ነው። ደራሲው ነገሩን በከፊል በጨዋታ፥ በከፊልም በቁም ነገር ይዞታል። በጣዖት ስም መጠራቱን ለካህን ትተን ለሐያሲ የሚቀረው ጥያቄ ይህ ነው፤ አርባ አምስት አገር ያለፈ ሰው ብዙ ጊዜ አገሩን እንደ መስተዋት አቁሞ የራሱን መልክ ማየት አልሆነበትምን? በብዙ ገጽ ላይ ደራሲው የሚነግረን አገሪቱ ምን እንደ ሆነች ሳይሆን እርሱ በእርስዋ ውስጥ ምን እንደ ሆነ ነው። ለእርሱ ምስጋና የሚሆነው ግን በ2001 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል ያንኑ መንገድ እንደ ገና መሄዱ ነው። በዚያም ጉዞ በኬንያ እግሩ ተሰብሮ ተጠግኖ ቀጠለ። በ2007 የወጣው “ስለ ጁፒተር ማለም” የተባለው ሁለተኛው መጽሐፍ ከፊተኛው ይልቅ ትሑት ነው፤ የተለወጠውን ዓለም ከተለወጠው ራሱ ለመለየት ይጥራልና።

ሦስተኛው ሥራ መጽሐፍም ፊልምም ነው። ተዋናዮቹ ዩዋን ማግሬገርና ቻርሊ ቦርማን በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ተነሥተው እስከ አፍሪቃ ደቡባዊ ጫፍ በቢኤምደብልዩ ሞተር ብስክሌት ወረዱ። አሥራ ስምንት አገር በ85 ቀን አቋረጡ። ሒሳቡ ሲሠራ ለአንድ አገር የደረሰው አምስት ቀን እንኳ አይሞላም። መለዋወጫ ዕቃ፥ ሐኪምና ካሜራ የያዙ መኪኖች አብረዋቸው ነበሩ። በሰሜን ኢትዮጵያ በፈንጂ የተጎዱ ሕፃናትን መጎብኘታቸው፥ የዓለምንም ዓይን ወደዚያ መመለሳቸው በምንም ሊናቅ አይገባም፤ ብዙ የመንገድ ደራስያን ያላደረጉት ነገር ነው። ነገር ግን በሥራው ላይ የሚታየው ጉድለት ከዚያው ከምቾቱ ይመነጫል። ዕቃው የተበላሸበት ሰው ዕቃውን ከኋላው ከሚመጣው መኪና የሚያገኝ ከሆነ ከማን ደጅ ይቆማል? የማንንስ ስም ይጠይቃል? ችግሩ በካሜራው ፊት ይፈታል፤ አገሩም ከበስተኋላ ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሚዛን ከመጽሐፍ ወደ መሬት ወርዶ ይፈተን ዘንድ እንጦጦና የካ ጥሩ ስፍራ ናቸው። ከደሴና ከደብረ ብርሃን የመጣ ባለ ሞተር ብስክሌት በሰንዳፋ አልፎ፥ በኮተቤ ወርዶ መገናኛ ይደርሳል። በኋላም ሁሉ እንደሚያደርገው ከተማይቱን ከላይ ለማየት ወደ እንጦጦ ይወጣል። አዲስ አበባ ራስዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የምትበልጥ ናት፤ የእንጦጦ ራስ ግን ከ3000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሲነጻጸር ሲሶ ያህሉ ጎድሏል። የቆየ ካርቡራቶር ያለው ሞተር ቤንዚኑ እንደ ቀድሞው ይፈስስለታል፤ አየሩ ግን አይበቃውም። ስለዚህ ያስላል፥ ጥቁር ጭስ ያወጣል፥ ካንዴላውም በጥላሸት ይሸፈናል። ጉልበቱም በዳገቱ ላይ ይከዳዋል። አዲሶቹ ሞተሮች የአየሩን መጠን ራሳቸው ለክተው ቤንዚኑን ይቀንሳሉ፤ የጎደለውን ጉልበት ግን እነርሱም አይመልሱትም።

በዚህ ዳገት ላይ ለመንገድ ደራሲ የተዘጋጀ ታላቅ ትምህርት አለ። ሞተሩ ትንፋሽ ባጠረው በዚያው ስፍራ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በጀርባቸው ተሸክመው፥ ወገባቸው ጎብጦ የሚወርዱ ሴቶች ያጋጥሙታል። የሚተነፍሱት ያንኑ ሞተሩን ያቃተውን አየር ነው። ለጉብኝት የቆመ ሰው ፎቶግራፍ ያነሣቸዋል፤ መልካም ሥዕልም ይወጣዋል። ሞተሩ የቆመበት ሰው ግን ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ ሸክማቸውን አውርደው ሲያርፉ ያያቸዋል፤ ድካምንም ከድካም ጋር ያመዛዝናል። ቢጠይቅ ደግሞ ከሸክሙ ውስጥ የከተማይቱን ታሪክ ያገኛል። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን በዙሪያው የነበረው ዱር ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ ሲያልቅ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ማገዶውን ስለ ተካ ግን ከተማይቱ በስፍራዋ ጸናች። እንግዲህ ያች ሴት የተሸከመችው ማገዶ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ በዚህ የቆመችበትን ምክንያት ነው። ሰሙ ጭራሮ፥ ወርቁ ከተማ ይሏል ይህ ነው። ይህን ቅኔ ያልፈታ ጸሐፊ ስለ እንጦጦ ማማር ሃያ ገጽ ቢጽፍ እንጦጦን አልጻፈም።

እንደዚሁም ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉበት የእንጦጦ ማርያም ደጅ አለ። ጎብኚው ቤተ ክርስቲያኑን፥ ቤተ መንግሥቱንና ሙዚየሙን አይቶ በአንዲት ሰዓት ይወርዳል፤ በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው መናፈሻም ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። በዚህ ነውር የለም። ነገር ግን በዚያው ተራራ ለጠበል የመጡ ሕሙማን በትንንሽ ቤት ተከራይተው ወራት ይቀመጣሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ናቸው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፥ ሕሙማኑም ሁለቱን አንድነት ሊወስዱ እንደሚችሉ ማስተማራቸው ለብዙ ሰው ሕይወት ሆኗል። ሁለቱ ተዋናዮች ኢትዮጵያን ያቋረጡት በዚያው ዓመት ነበር። በዚያ ወራት በእንጦጦ የነበረው ታላቅ ነገር ከገደሉ አፋፍ የሚታየው የከተማ መልክ አልነበረም፤ ጠበል ጠጥቶ መድኃኒቱን ለመዋጥ የሚያመነታው ሰው ልብ ነበር። ይህንም ካሜራ አያየውም። ከሰው ጋር የሚያድር እንግዳ ግን ሊሰማው ይችላል።

በየካ ተራራ ያለው ዋሻ ሚካኤል ደግሞ ሌላ ምሳሌ ነው። ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለው ይህ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በትውፊት ከአብርሃና ከአጽብሓ ዘመን ይቈጠራል፤ ተመራማሪዎች ግን ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። ወደ እርሱ የሚወስደው የተራራ መንገድ ለእግረኛ እንጂ ለተሽከርካሪ የሚመች አይደለም፤ ስለዚህ ጎብኚው ሞተሩን ለሰው አደራ ሰጥቶ መውጣት አለበት። አደራ ሲሰጥም ያንን ሰው ማመን፥ ስሙንም ማወቅ ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ ጉብኝትም ቢሆን ሰውን የሚያስፈልግ ሲሆን ከጥገና አያንስም። ልዩነቱ በምክንያቱ ብቻ አይደለም፤ እንግዳው በአገሩ ሰው እጅ መሆኑና አለመሆኑ ነው።

ከተራራው ወርዶ በመገናኛና በኮተቤ መንገድ ዳር አሮጌ ጎማ ተክሎ ከሚጠብቀው ጎሚስታ ደጅ የሚቀመጥ ጸሐፊ ደግሞ የቋንቋ ትምህርት ያገኛል። ጎሚስታ፥ ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ የተባሉት ቃላት ሁሉ ከጣልያን ቋንቋ የመጡ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን በግፍ የያዘው ጠላት ተባርሮ ሄደ፤ የዕቃው ስም ግን አማርኛ ሆኖ ቀረ፤ የኢትዮጵያ ልጅም እንጀራውን ይበላበታል። ስለ አርበኞች ተጋድሎ ሐውልት ፍለጋ የሚዞር ጎብኚ ይህን ሕያው ሐውልት ጎማው እስኪነፋ ድረስ በዱካ ተቀምጦ ሊሰማው ይችል ነበር።

ምናልባት አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ይከራከር ይሆናል፦ መንገደኛ መንገደኛ ነው፥ በየአገሩ ዓመት ይቀመጥ ዘንድ አይጠየቅም። ክርክሩ እውነት አለው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ የታሪክ ሰዎች የሚደገፉበት የሆነው ከ1520 እስከ 1526 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስድስት ዓመት በአገሩ ስለ ቆየ ነው። የመልእክተኞቹ መመለሻ መርከብ እየዘገየ በግድ አቆየው፤ መዘግየቱም ለመጽሐፉ በረከት ሆነ። ይህን ያህል ቆይታ ከባለ ሞተር ብስክሌት መጠየቅ ግን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ብዙ መቆየትም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በክብር የተጋበዘ እንግዳ አስተናጋጁ የሚያሳየውን ብቻ ሊያይ ይችላል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ስለ ጃፓን ጉዟቸው በ1924 ዓ.ም. ያሳተሙት “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” በትጋትና በምስጋና የተሞላ ክቡር መጽሐፍ ነው። ቢሆንም የመንግሥት መልእክተኛ ሆኖ የሄደ ሰው የጃፓንን ጎሚስታ ደጅ ሊያውቀው አይችልም። ጉድለቱ የጸሐፊው ሳይሆን የመንገዱ ነው።

ስለዚህ መለኪያው የቀን ቁጥር አይደለም። ጸሐፊው በደረሰበት ስፍራ ሰውን ፈልጓልን? የፈለገውንስ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ በሰውነቱ አስቀምጦታልን፥ ወይስ ጎማው እንደ ተነፋ ረስቶታል? በዚህ መለኪያ ፒርሲግ ዕቃን በማወቅ ይበልጣል፤ ሳይመን ሰውን በመፈለግ ይበልጣል፤ ሁለቱ ተዋናዮች በመልካም ፈቃድ አያንሱም፥ በችግር ግን አልተፈተኑም። ከሦስቱም ሥራዎች ለአማርኛ አንባቢ ይበልጥ የሚጠቅመው የሳይመን ነው፤ የራሱን መልክ ወዶ ያየበትን ገጽ ግን እየለየ ሊያነብ ይገባዋል።

ይህ ፍርድ በባዕድ ጸሐፊ ላይ ብቻ ተፈርዶ ቢቀር ግብዝነት ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ፈቃድ የሌላቸው ሞተር ብስክሌቶች በከተማ እንዳይሄዱ ከልክሏል፤ በፈቃድ ዕቃ የሚያመላልሱት ወጣቶች ግን የሾላን ጎዳና፥ የፈረንሳይን ዳገት፥ የኮተቤን አቀበት ከማንም ደራሲ ይልቅ ያውቃሉ። የት ጎማ እንደሚፈነዳ፥ የት ሰው ውኃ እንደሚሰጥ፥ የትኛው ደጅ እንደሚከፈት እነርሱ ይነግሩናል። ብዕር ያነሣ ቢገኝ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታላቅ ስጦታ ይሆናል። ተራራው የእነርሱ ነው፤ ሰሙንም ወርቁንም በእጃቸው ይዘዋል። እነርሱም ደግሞ ሲጽፉ ያችን ጭራሮ የተሸከመችውን እናት እንደ ባዕድ ጎብኚ ከኋላ ሥዕል አድርገው እንዳያልፏት መጠንቀቅ ይገባቸዋል። በአገር መወለድ ለማየት አይበቃም፤ እርሱም መቆምን ይፈልጋል።

ጃንደረባውም ቢሆን በውኃው ዳር አልቀረም። ሠረገላው ለጥቂት ጊዜ ቆመ፤ እርሱም ወርዶ የሚያስፈልገውን ተቀብሎ ደስ እያለው መንገዱን ሄደ። ከመንገደኛ ጸሐፊ የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ሲቆም ከሠረገላው መውረድ፥ ሲሄድም ከማን እንደ ተቀበለ አለመርሳት።